ለደብሊን የተላከው በርበሬ

ፍራንክፈርት
ኖቬምበር 16 ቀን 2012

ለወንድሜ፦

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቅህ ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ተብዬ ስላደግሁ እንጂ መልሱን ጓጉቼ አይደለም። ደህና መሆንህን ሰምቻለሁ። ፀሐይ እንዳጠቆረህ፣ ትንሽ እንደ ወፈርክ፣ በረንዳህ ላይ ቁጭ ሲሉ ባሕሩ እንደሚታይ ጋሽ ኃይለ መስቀል ነግረውኛል። ስፔን ተስማምታሃለች ማለት ነው። እኔም ተመስገን አለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ በሽማግሌዎች መጦሪያው ወጥ ቤት እስካሁን እሠራለሁ፤ ልጄ ሕሊና በሚመጣው ዓመት የትምህርት ቤት መልቀቂያውን፣ አቢቱር ትፈተናለች። ኢዩም ደህና ናት። ማን እንደሆነች ረስተህ እንደሆነ የአረጋሽ ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ደብሊን ከታሰረች ጀምሮ ይኸው ሁለት ዓመት ተኩል እኔ ቤት ናት።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን።

ለመሆኑ ጋሽ ኃይለ መስቀልን ሽማግሌ አድርገህ ስትልክብኝ ምን አስበህ ነው? እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት በመሐንዲስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሲጣላ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። አንተ ሳምንት ሙሉ አሣ አበላሃቸውና ተላላኪህ አደረግሃቸው። ቅዳሜ ዕለት ክራቫት አስረው፣ ብስኩት ይዘው ሰፈሬ ኖርድቬስትሽታት ድረስ መጡ። ሊፍታችን ተበላሽቶ ስለ ነበር ስድስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ስለ እህትነትና ስለ አንድ ማኅፀን ጀመሩልኝ። እንግዲህ ምን ፈለገ ብዬ ብጠይቃቸው አንዲት ወረቀት ብቻ አሉኝ። አንድ ገጽ፣ በጀርመንኛ፣ በፊርማዬ። አረጋሽ ደብሊን ወስዳ ልትሸጠው በርበሬውን ራሷ እንደ ገዛች፣ እኔ ፊት ራሷ እንደ ጠቀለለችው፣ ወንድሜ በነገሩ እንደሌለበት።

እሳቸውን እርስዎ ይህን ያምኑታል ወይ አልኳቸው። ወለሉን አዩ። እሷ እንደሆነች ተፈርዶባታል፣ ከዚህ በላይ የሚጨመርባት የለም፣ ለሱ ግን ይጠቅመዋል አሉኝ። የሽማግሌ ምላስ ይህን ሲል መስማት እንዴት እንደሚያሳፍር አታውቀውም። ሲሄዱ በአንተ እጅ የተጻፈውን አድራሻ ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ሄዱ። ቶሎ እንድልከው አደራ ብለሃል አሉ።

አደራ! ቃሉን እንኳ አታፍርበትም።

ለጋሽ ኃይለ መስቀል ያወራህላቸውን ስሰማ ነገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ስለዚህ እንደ ነበረው እጽፈዋለሁ፤ አንተም እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

እዚህ ዛክሰንሃውዘን ሰፈር ያለው የአይሪሾች መጠጥ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆነህ በገባህ በዓመቱ ዴክላን የሚባለውን ሰው አገኘህ። አይርላንዳዊ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ለዕቃ አጣቢ እንኳ ጉርሻ ይሰጣል ብለህ አወራኸኝ። ደብሊን ውስጥ ሁለት ቡድኖች እርስ በርስ እየተገዳደሉ እንደሆነ፣ የዴክላንን ወንድም በገዛ ደጃፉ ላይ በጥይት እንደ ጣሉት፣ እሱም ለዚያ ብሎ ፍራንክፈርት እንደ ከረመ ስትነግረኝ ሠርግ ደርሶ እንደ መጣ ሰው ደስ ብሎህ ነበር። የሰው ሞት እንደዚያ ይወራል? ከዚያ ጫማው ተቀየረ፣ ሰዓቱ ተቀየረ፣ መኪናው መጣ። ስጠይቅህ በኤግዚቢሽን ማዕከሉ፣ በሜሴው አዳራሽ ተጨማሪ ሥራ ይዣለሁ አልከኝ። እኔም አመንኩ። አመንኩ ማለት አልጠየቅሁም።

በሁለት ሺህ አሥር፣ በጰንጠቆስጤ፣ በፕፊንግስተን የዕረፍት ቀናት፣ ደብሊን ያሉ ሐበሾች የእኛን ጉባኤ መዘምራን ለኮንፈረንስ ጠሩን። ስድስት ዓመት ሙሉ የጉባኤያችንን ደጅ ያልረገጥክ ሰው ረቡዕ ቀን ሰማያዊ የእጅ ሻንጣ ይዘህ ቤቴ ከች አልክ። እዚያ አንዲት የታመመች ሐበሻ አለች፣ በርበሬና ሽሮ ናፍቋታል፣ አየር ማረፊያው ላይ ሰው ይቀበልሻል አልከኝ። ስለ ታማሚዋ ስትናገር ድምፅህን ዝቅ አደረግህ። ደግ ሰው ትመስል ነበር።

እኛ ዘንድ መንገደኛ ለራሱ ብቻ አይሄድም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ፣ ስለምታውቅም ነው የመጣኸው። የአንዷ መድኃኒት፣ የሌላዋ ጫማ፣ የሦስተኛዋ ሽሮ ሻንጣችን ውስጥ ሳይገባ አውሮፕላን አንወጣም። ተሰፍቶ የተሰጠንን ዕቃ ፈትተን አናይም። ማየት ሰጪውን ሌባ ነህ ማለት ነው። ዴክላን ይህን ከየት ያውቀዋል? አይርላንዳዊ ነው። የነገርከው አንተ ነህ። ያባቶችህን ደንብ ለአንድ ነፍሰ ገዳይ ሸጥክለት።

እኔ ሻንጣውን አነሳሁት። ስምንት ዓመት ወጥ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ኪሎ በርበሬ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ እጄ ያውቀዋል። ጥቅሎቹ ለመጠናቸው ይከብዱ ነበር። የተሰፉትም በዓሣ ማጥመጃ ክር፣ ሁለት ጊዜ ነው። አንተ መስኮቱ ጋ ቆመህ ስልክህን ትነካካ ነበር። ያን ጊዜ ፈትቼ ልበትነው እችል ነበር። ውሰድልኝ ብዬ ልወረውርብህም እችል ነበር። ምን አልኩህ? አርብ ዕለት የውጭ ዜጎች ቢሮው አውስሌንደር አምት ቀጠሮ፣ ቴርሚን አለኝ፣ መሄድ አልችልም አልኩህ።

ቴርሚን አልነበረኝም። የተከፈለበት የአውሮፕላን ትኬቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እዚያው አበሰበስኩት።

ታዲያ ሌላ ማን አለ ስትለኝ አብራን የምትዘምረው አረጋሽ አልኩህ። ስሟን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ይህን አያውቁም፣ ሕሊናም እስከ ትናንት ወዲያ አታውቅም ነበር። አንተ ግን ታውቃለህ፤ አፏን ትይዛለች ብለህ የተማመንከውም በዚህ ነው። ለምን አረጋሽ? ማንንም እምቢ ስለማትል። መጦሪያው ውስጥ የሌሎቹን ተራ ሁሉ የምትሸፍን፣ ስታጥባቸው የሚሰድቧትን የጀርመን ሽማግሌዎች እየዘመረች የምታጥብ ሴት ናት። ባል የላት፣ ወንድም የላት። የሚጮህላት ሰው እንደሌለ ሳላስበው ቀርቼ ይመስልሃል?

አልጨረስኩም። ሻንጣውን ስሰጣት መከርኳት። አየር ማረፊያ ላይ ይህን ራስሽ ነሽ ወይ የጠቀለልሽው ካሉሽ አዎ በይ፣ ሁሉም የኔ ነው በይ፣ የሰው ነው ካልሽ በርበሬውን ይወስዱብሻል አልኳት። ሁላችንም ለመንገደኛ የምንለው ነው፤ ማንም ክፉ ነገር ብሎ አያስበውም። አረጋሽ ግን ውሸት ስለማይሆንላት ቃሉን በእንግሊዝኛ እየደጋገመች አጠናችው። ኤስ ባን ባቡር ላይ ሆና ጮክ ብላ ስትለማመድ መዘምራኑ ስቀውባታል።

ደብሊን ላይ አንድ ወጣት የጉምሩክ ሰው ሻንጣውን ሲከፍት ጠየቃት። የኔ ነው አለች። አስተርጓሚ በስልክ አስጠርቶ ደግሞ ጠየቃት። የኔ ነው አለች። ጠበቃዋ እንደነገረኝ ልጁ አዝኖላት ሦስተኛም ጠይቋታል፤ የሰው ዕቃ ነው ብትል መውጫ ሊሰጣት ነበር። እሷ የታማሚዋን በርበሬ እያተረፈች መስሏታል። ከበርበሬው ሥር አራት ኪሎ ኮኬይን ወጣ። ፍርድ ቤት ውስጥ እነዚያ ሦስት መልሶች ተነበቡባትና ስምንት ዓመት ፈረዱባት።

የደብሊን ጋዜጦች ለወንበዴዎቻቸው ሁሉ ቅጽል ስም ያወጣሉ፤ አንዱ መነኩሴው ነው፣ አንዱ ወፍራሙ ነው። ለአረጋሽም የበርበሬዋ እመቤት የሚል አወጡላት። አምና ደግሞ ስለነዚህ ሰዎች የተጻፈ መጽሐፍ ወጣ። ሕሊና በኢንተርኔት አስመጥታ ጠረጴዛ ላይ ተርጉማልኛለች። ለዴክላን ሦስት ምዕራፍ ሰጥተውታል፤ ልጅነቱ አለ፣ የእናቱ ለቅሶ አለ፣ ፈረስ መውደዱ ሳይቀር አለ። ለአረጋሽ አንድ ገጽ ተኩል። ፊቷ ድንጋይ የሆነ፣ የለመደባት አመላላሽ ናት ይላል። ፊቷ ድንጋይ የሆነው የሚሉት ስላልገባት ነው! ሕሊና ገጹን ሳትጨርስ ኢሽ ካን ኒሽት መር፣ ከዚህ በላይ አልችልም ብላ መጽሐፉን ዘግታ ክፍሏ ገባች። እኔም ሁለተኛ አንብቢልኝ አላልኳት።

ሻንጣውን ማን ሰጠሽ ብለው ስንት ጊዜ ጠይቀዋታል። የማላውቀው ሰው ባቡር ጣቢያ ላይ ሰጠኝ ብላ ቀረች። የኔን ስም አንድም ቀን አልጠራችም። በመጀመሪያው ወር ለእኔ የጻፈችው ደብዳቤ አራት መስመር ነበር። የኢዩን ፀጉር አጥብቀሽ አትሥሪያት፣ ራሷን ያማታል ይላል። ሌላው ሰላምታ ነው። እሱን አንብቤ ምን እንዳደረገች ገባኝ። ስሜን ከጠራች እኔም ልታሰር ነው፣ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮው ዩገንትአምት ልጇን ለማያውቋት ሰዎች ሊሰጥ ነው። ስለዚህ ብቻዋን ዋጠችው። እኔ ደግሞ ልጇን እያሳደግሁላት ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ተኩል በሰላም በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ዘመርኩ። ፈሪ ነኝ፤ እኔን ከአንተ የሚለየኝ በረንዳ የሌለኝ መሆኑ ብቻ ነው። ኢዩ ስትመጣ አማርኛዋ ንጹሕ ነበር። አሁን ስለ እናቷ ሳነሳባት በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ፣ እሱም አጭር ነው።

ዴክላንን ነሐሴ ላይ ደብሊን ውስጥ ከስፖርት ቤት ሲወጣ ገደሉት። ሰምተሃል፤ ከሰማህ በኋላ ነው ሽማግሌ መላክ የጀመርከው። ስልኩ ተገኝቷል፣ ሰዎቹ ማውራት ጀምረዋል፣ ስምህ እየመጣ ነው። ስለዚህ አረጋሽ አንድ ጊዜ ባንተ ፋንታ የታሰረችው አንሶህ አሁን ደግሞ በኔ ፊርማ እንድትታሰርልህ ፈለግህ። ወንድሜ ሆይ፣ ብዙ ነገር ችዬልሃለሁ። ትምህርትህን ስታቋርጥ፣ አባታችን ሲሞት ሳትመጣ ስትቀር፣ ውሸትህን ሁሉ ችዬ ለሰው ሳልናገር ኖሬያለሁ። ያቺ ወረቀት ግን አንገፈገፈችኝ። ስጠላህ ተገኘሁ። እስካሁን እንደምጠላህ ለራሴም አልነገርኩም ነበር።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ አስተርጓሚ ይዤ ፖሊስ ዘንድ ሄድኩ። በመጀመሪያ ስላልነበረኝ ቴርሚን ነገርኳቸው። ቀጥዬ የማንን ስም እንዳነሳሁና ምን ብዬ እንደ መከርኳት። አንተን ሦስተኛ ላይ ነው ያነሳሁህ፤ በእጅህ የጻፍከውን አድራሻም ሰጠኋቸው። መርማሪዋ ኮሚሳር ሴት ናት፣ ታጋሽ ናት። እኔም ልከሰስ እንደምችል ነገረችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ቃሌ ደብሊን ላለው ጠበቃ ተልኳል፤ ይግባኙ በሚመጣው ወር ይሰማል። ከጉባኤያችን ግሩምና ኤልሳቤጥ ምናልባት እኔ ብታሰር ኢዩን እናቷ እስክትመለስ ሊይዟት ዩገንትአምት ፊት ፈርመዋል። ለኢዩ እውነቱን ነግሬያታለሁ። አላለቀሰችም። በአማርኛ፣ እማዬ ታውቃለች? አለችኝ። ታውቃለች አልኳት። እስከዛሬ አላነጋገረችኝም። መብቷ ነው።

እንግዲህ የጠየቅኸኝ ወረቀት እዚህ ፖስታ ውስጥ እንደሌለ አይተሃል። ከራስህ በቀር ለሌላ ሰው በማይሰጥ የአደራ ደብዳቤ፣ በአይንሽራይበን ነው የላክሁት፤ ፖስታ ቤት መሄድ፣ መታወቂያህን ማሳየት፣ በገዛ ስምህ መፈረም ነበረብህ። ስሜን ፖስታው ላይ ስታይ እንደተደሰትክ አልጠራጠርም። አውቅሃለሁ፤ ቤት እስክትደርስ ትዕግሥት የለህም፤ እዚያው ቆመህ ነው የቀደድከው።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ። ከክፉ ሞት፣ ከነዴክላን ሞት ይሰውርህ። አንድ ቀን አረጋሽ ፊት ቆመህ ይቅርታ ለመጠየቅ ዕድሜ ይስጥህ፤ ለእኔም እንደዚሁ። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፣ ሌላውም ከልቤ ነበር።

እዚህ ስትደርስ ደብዳቤውን አጥፈህ ኪስህ ውስጥ ክተት፣ ቀና በል። አትሩጥ። አንብበህ እስክትጨርስ እንዲታገሡህ ለምኜልሃለሁ።

ታላቅ እህትህ