አሮጌዋ ማሽንና የአባባ ማስመሪያ

ጥር 6
ዛሬ ሁለት መስኮት ላደርስ ነበር። አንዱን ብቻ ላግኩ። ቀኝ እጄ ጠዋት አልታጠፍ ይላል፣ ከሰዓት አልዘረጋ። ሐኪሙ "ሥራ ቀንስ" ብሎኛል። ምኑን ልቀንስ? መላጊያ በግማሽ አይገፋ።

የሚስቴ ወንድም ደግሞ መጣ። የሚሠራበት መጋዘን ዘበኛ ይፈልጋል። "እስከ የካቲት መጨረሻ ቦታውን ይዤልህ እቆያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልችልም" አለኝ። ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ነው ያናደደኝ።

ጥር 9
ገዛኋት። ሁለገብ የእንጨት ማሽን፣ አሮጌ። ትልጋለች፣ ትሰነጥቃለች፣ ትበሳለች… ድሮ ማለቴ ነው። ከተዘጋ የአናጢ ቤት ጓሮ ነው ያገኘኋት፣ ዶሮ ሲያድርባት። አራት ሰው ተሸክሞ አስገባት። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

"በስተርጅና ጣውንት አመጣህብኝ?"

"ጣውንትሽ ሠርታ ታበላናለች።"

"መጀመሪያ ትነሳ!"

ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከተነሳች አናጢ እንደሆንኩ እቀጥላለሁ። ካልተነሳች… መጋዘኑ አለ።

ጥር 14
ናፍጣ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት። ዝገቱ ሲለቅ ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም ወጣ። ኩሽኔታዎቹ አልቀዋል። የሚያዞራትን የጎማ ቺንጋ ስነካው ተበጣጠሰ። ሞተሩን ግን በእጄ ሳዞረው ዞረ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ጥር 19
የሰፈራችን ብረት ቀራጭ፣ ባለቶርኖው፣ አዲስ ኩሽኔታ ገጠመልኝ። "ጋሼ፣ ይቺ እኮ በዕድሜ ትበልጠኛለች" አለ። "ታዲያ አክብራት" አልኩት።

ጥር 22
የአባባን የብረት ማስመሪያ አውጥቼ የማሽኗ የመላጊያ ጠረጴዛ ላይ በጠርዙ አቆምኩት። መሃሉ ይነካል፣ ዳርና ዳሩ ብርሃን ያሳልፋል። ጠረጴዛው መሃሉ አብጧል ማለት ነው። እሱ ቀጥ ካላለ በላዩ የሚያልፍ እንጨት ቀጥ አይልም። እብጠቱን በሞረድ ማውረድ ነው። ብረት… በዚህ እጅ?

ጥር 23
ሞረድ።

ጥር 24
ሞረድ።

ጥር 30
ማታ ማታ ሚስቴ እጄን በሞቀ ውሃ ታሸኛለች። "እያለቀ ያለው ብረቱ ነው አንተ?" አለችኝ። ልፋ ያለው በሕልሙ ሸክም ተሸክሞ ያድራል። ትናንት በሕልሜም ስሞርድ ነበር።

የካቲት 11
አለቀ! ማስመሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ልጥፍ አለ። ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት።

"ምኑን ነው የማየው?"

"ምንም ብርሃን አይታይም አይደል? እሱን ነው።"

"ላለማየትማ ምን አስጠራኝ" ብላ ወጣች።

የካቲት 13
ተነሳች። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም። ሁለት ጣውላ ልጌ ጎን ለጎን ገጠምኳቸው። መሃላቸው ተነካካ፣ ጫፎቻቸው ተራራቁ። ጥፋቱ የማሽኗ ቢላ ይሆናል። አስተካከልኩ። ያው ነው።

የካቲት 16
ቢላውን አራት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩ። ያው። በመጨረሻ ባለቶርኖውን ጠራሁት። የራሱን ማስመሪያ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አቆመው። አጎንብሶ ሲያይ መሃሉ ላይ ብርሃን ያልፋል። ከዚያ የአባባን አንስቶ ከራሱ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ወደ መስኮቱ አሳየኝ።

"ጋሼ… ይሄ ማስመሪያ ሆድ አውጥቷል።"

"የአባቴ ነው እኮ።"

"ይሁና። ጠረጴዛዋ ደህና ነበረች። መሃሏን የጎደጎዷት እርስዎ ነዎት።"

"እንደገና አይስተካከልም?"

"የኔ ማሽን ይህን ርዝመት አይዝም። የሚይዝም አላውቅም። ደግሞ ብረቷ ሳስቷል።"

በሩ ጋ ደርሶ ዞሮ አየኝ። የራሱን ማስመሪያ በብብቱ ይዞ ሄደ።

የካቲት 17
ሠላሳ ዓመት በዚያ ማስመሪያ ሠራሁ። ስንት በር፣ ስንት አልጋ። አንድ ሰው እንኳ ጠመመ ብሎ መልሶልኝ አያውቅም። እንዴት?

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። በእጄ ስልግ ማስመሪያው የሳተውን ጣቶቼ እየዳሰሱ ያርሙት ነበር… እኔም ሳላውቀው። ቀጥ ያለው እጄ ነበር። ማሽን አይዳስስም፣ እንዳበጁት ነው። እንግዲህ እጄ ሄደ፣ ስህተቱ ቀረ።

አባባን መቆጣት አልሆነልኝም። ራሴን ሰደብኩ፣ እሱም አልበቃኝ። የቀረችኝን ትንሽ አቅም ደህና ብረት ሳበላሽ ጨረስኳት። አለቀስኩ። ሚስቴ አየችኝ፣ እንዳላየች ሆና ወጣች።

የካቲት 20
አንድ ወንበር በመላጊያ ሞከርኩ። እግሩን ሳልጨርስ መላጊያው ከእጄ ወደቀ። አላነሳሁትም። ካረጁ አይበጁ።

የካቲት 28
ለሚስቴ ወንድም "እሺ" አልኩት። "አትዘን፣ ቁጭ ብለህ ነው የምትውለው" አለኝ። እሱን ነው እኮ የፈራሁት።

መጋቢት 5
ዘበኛ ከሆንኩ ሦስት ቀኔ። ወንበር ሰጥተውኛል፣ ፊሽካም። የመጋዘኑ የእንጨት በር ወደ አንድ ጎን ዘንብሎ መሬቱን ይፍቃል። የላይኛው ማጠፊያ ነው፣ ብሎኖቹ ላልተዋል። ገና ከሩቅ ሳየው አውቄዋለሁ። ሰው በመጣ ቁጥር በትከሻዬ እየገፋሁ እከፍታለሁ።

ዛሬ የመጋዘኑ ጸሐፊ በሩ እየተንቋቋ ስከፍትላት ቆም አለች። "አባት፣ በዚህ ሰፈር የሚያውቁት አናጢ የለም?"

"የለም" አልኳት።