ሳሏ ስለ ጠፋው ልጄ

ለታላቅ እህቴ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? የጋሼ ወገብስ? አንቺ እጅ ላይ የጣልኳት ልጄስ እንዴት ናት? እኔ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ።

ትናንት በስልክ ሳሏ ጠፋ፣ ደስ ይበልሽ ስትዪኝ ደስታው አልመጣልኝም። ሩጫ እንደ ተወች፣ ደረጃው መሐል ቁጭ እንደምትልም ነገርሽኝ። ልናገር ስል፣ ስታስልም ታለቅሻለሽ፣ ስትተውም ታለቅሻለሽ ብለሽ ሳቅሽብኝ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ እምቢ ስላለኝ፣ በእናንተ ሰፈር ለሚያልፈው ሹፌር ይህን እየሰጠሁት ነው።

እኛ ትራስ በምንሞላበት ቤት፣ የምታስል ሴት ገዢ እንዳያያት ወደ ጓሮ ትላካለች። ስለዚህ ሁላችንም ሳል መዋጥ ለምደናል፤ ከረሜላ እንመጥጣለን፣ ሙቅ ውኃ እንጠጣለን። ለእኛ ያላሳለች ደህና ናት። ባለፈው ወር የእኔም ሳል ጠፋ። አጠገቤ ትራስ የምትሰፋው ሴት፣ ዛሬማ ጉሮሮሽ ፈቃድ ወጣ ብላ ቀለደችብኝ። ልመልስላት ብል ከሁለት ቃል በኋላ ሦስተኛው አልወጣ አለኝ። ደረቴ በገመድ የተጠፈረ ያህል ነበር። ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ።

ነርሷ የያዘሽ አስም ነው አለችኝ፤ እንዳስረዳችኝ፣ አስም ሲነሳ በአየር ቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ውስጡ ያብጣል፣ አክታም ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ ሳሉን የሚቀሰቅሰው ይኼ መጥበብ ነው። ሲር ሲር የማይል፣ በሳል ብቻ የሚታወቅ አስምም አለ። ቧንቧው ክፉኛ ሲጠብ ግን ለማሳል የሚበቃ አየር አይገኝም። ሳሉን ዝም አሰኘሽና ቧንቧውን ረሳሽው አለችኝ። የሳል ሽሮፕ ቧንቧ አይከፍትም፤ የሚከፍተው በአፍ የሚሳበው ፓፍ ነው።

ያንን ቀይ ሽሮፕ የላክኩልሽ እኔ ነኝ፣ እታለም። ስሸኛትም፣ በሰው ቤት እንዳትረብሺ፣ ሳልሽን ዋጥ አድርጊ ያልኳት እኔው ነኝ። ታዛዥ ልጅ ናት፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ይህ እጅሽ እንደ ገባ ልብሷን ገልጠሽ እዪልኝ። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ መሐል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ሳታቋርጥ አንድ ነገር ተናግራ ትጨርሳለች? ከተሰረጎደ ወይም መናገር ካቃታት ሥራ አለብኝ ሳትዪ ያኔውኑ ሐኪም ቤት አድርሻት፤ ደህና ብትመስልሽም እስከ ነገ አታሳድሪያት። ስትደውዪም ደህና ናት እንዳትዪኝ፤ ራሷን አቅርቢልኝ፣ ታውራኝ።

ጋሼን እጅ ነስታለች በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዲያልፍ እየጸለይኩ ነው። ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ልጄን ግን ሳሚልኝ አልልሽም፤ መጀመሪያ አሳክሚልኝ፣ መሳሙ ይደርሳል።

እህትሽ
ከትራስ ቤቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኅዳር ፲፬