ለሌባ የሚሠራ በር

መስከረም 21

...በሩ መጀመሪያ የተሰነጠቀው ከታች ነበር። ከዚያ መሃሉ። ከዚያ ጫማው ገባ። ጥቁር ጫማ፣ ክሩ የተፈታ። እንዴት ክሩን ልብ አልሁ? እህቴ ከኋላዬ ሸሚዜን ጨምድዳ ይዛ ነበር። ባሏ በቀዳዳው እጁን ሰዶ መቀርቀሪያውን ሲፈልግ በወንበር እግር መታሁት... ወይስ እሷ ናት የመታችው? ጎረቤት ሲሰበሰብ ሄደ። «እመለሳለሁ» አላለም። የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። የሚዝት ሰው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ትናንት። ዛሬ ግን ተራ ቀን ነበር። ፋርማሲውን በሰዓቱ ከፈትሁ። ሳል፣ ሳል፣ ቃር፣ ሳል። አንድ ጎረምሳ አቀርቅሮ መጣ። «ለጓደኛዬ ነው» አለ። ሁሉም ለጓደኛቸው ነው። «ጓደኛህ ምኑን ነው የሚያመው?» ብለው ትቶኝ ወጣ። ምኑን እንደሚያመው ሳላውቅ ምን ልስጠው?

የእንጨቱ በር በሳንቃ ተጠግኗል። የብረት በር ማሠራት አለብኝ። ለበያጅ ስንት ይከፈላል? በዕድሜዬ በያጅ ቀጥሬ አላውቅም።

መስከረም 22

ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁት።

«የጠራልህን ግማሹን ቁረጥና ከዚያ ጀምር። እንደምትቆርጥበት ስለሚያውቅ እጥፍ አድርጎ ነው የሚጠራው።»

«አንተስ እጥፍ ነው የምትጠራው?»

«እኔማ እግዜርን እፈራለሁ!»

ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቅሁት ዛሬ ነው።

መስከረም 24

በያጁ መጣ። ሸምገል ያለ ሰውዬ። ዓይኑ ደም የለበሰ፣ ክንዱ ላይ ምስር የሚያካክሉ የቃጠሎ ጠባሳዎች። ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ምልክት አየ።

«ምን አግኝቶት ነው?»

«ሌባ።»

ለምን ሌባ አልሁ? እህቴ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ከንፈሯ ገና አልዳነም። ባሏ ነው ብል... የቤት ገመና፣ ለማያውቁት ሰው።

«ሌባ?» አለ ደግሞ።

«አዎ፣ ሌባ።»

ስምንት ሺህ ጠራ፤ ከነብረቱ። አራት አልሁት። ሰባት አለ። ወደ በሩ ሄድሁ፣ የማሰናብተው መስዬ። አምስት ተኩል ላይ ተጨባበጥን።

«እንግዲያው ለሌባ የሚበቃውን እሠራልሃለሁ፣ ልጄ።»

ደጅ ቆሞ ሲሰማ የነበረው ልብስ ሰፊው ትከሻዬን መታ። «ወንድ ነህ!» ደስ አለኝ። እውነት ለመናገር በጣም ደስ አለኝ።

መስከረም 28

በሩ ተገጠመ። ግራጫ ቀለም። እህቴ በመዳፏ ነካችውና እጇን አሸተተች።

ጥቅምት 3

ልብስ ሰፊው ፋርማሲ ድረስ እየሮጠ መጣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ቶሎ ና» ብቻ። ሮጥሁ። ከምሳ በኋላ ነው፣ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቷል...

በሩ ወድቋል። ከነሙሉ ገላው። ሥሩ እህቴ።

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር አሉ። እሷ ከሥሩ እያለች። ዘሎበታል የሚሉም አሉ። ሰው ሲረባረብ በጓሮ አመለጠ። እኔና ልብስ ሰፊው አነሳነው። ክንዷ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል። ሁለት ቦታ። አላለቀሰችም። «ከብዶኝ ነበር» አለች። ይኼን ብቻ።

ከሐኪም ቤት ስመለስ ማጠፊያዎቹን አየሁ። ሦስቱም ከመቃኑ ተላቀዋል። ብየዳው እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ። ዙሪያውን አልተበየደም። የቀረውን ቀለም ሸፍኖታል።

ጥቅምት 4

በያጁን መታሁት።

በሥራ ቦታው አጎንብሶ ነበር። ጭንብሉን ከፍ ሲያደርግ ነው የመታሁት። አፉ ላይ። ስንት ጊዜ? በግራ እጁ በጉጠት የጋለ ብረት ይዞ ነበር። ሊያሳርፍብኝ ይችል ነበር። መጀመሪያ ብረቱን አስቀመጠ፣ ከዚያ ወደቀ። ቅደም ተከተሉ ከዓይኔ አይጠፋም።

ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፋው። ተመለከተው።

«ማን ነበር የመጣው?» አለኝ።

«ባሏ። የእህቴ ባል።»

ራሱን ነቀነቀ። ጣውላው ላይ ተቀመጠ።

«ሌባ ሁለቴ ይገፋል። ድምፅ ሲያሰማ ይሸሻል። ለሌባ ነጥብ ይበቃል። ባል አይሸሽም። ለባል ማጠፊያው ዙሪያውን ይበየዳል፣ መቃኑ ግድግዳው ውስጥ ይቀበራል። የሚቀልጠው ኤሌክትሮድ ሦስት እጥፍ፣ ሥራው የሁለት ቀን። ስምንት ያልኩህ ያንን ነው። ጫማውን አይቼ።»

«ካወቁ ለምን...»

«ሌባ ነው አልከኝ። ሁለቴ ጠየቅኩህ። በዚህ ሽበቴ የሰው ገመና ልገልጥ?» ደሙን በእጅጌው ጠረገ። «ይኸው አሁን ልዩነቱን በቡጢ ከፈልከኝ።»

እኔም «ለጓደኛዬ ነው» ያልሁ ሰው ነኝ።

ጥቅምት 5

እህቴ ክንዷ በጀሶ ታስሯል። የተላጠ እጄን አየች።

«ማንን ነው?»

«በያጁን።»

«ሽማግሌውን?»

እጄን ኪሴ ከተትሁ።

«ባሌም ድሮ ውጭ ነበር የሚማታው፣ ጋሼ።»

ጥቅምት 6

መድኃኒት ስሰጥ ሰው ሁሉ እጄን የሚያየው ይመስለኛል። ጓንት አደረግሁ።

ጥቅምት 9

ሄጄ በያጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። አብሮኝ መጣ። ከንፈሩ አብጧል። የእህቴም አብጦ እንደነበረው። ተያዩ። ከዚያ እሷ ራሷ ተናገረች፣ እኔ እንደሌለሁ።

«ባሌ ነው፣ አባባ። ዘጠና ኪሎ ይሆናል። በቀኝ እግሩ ነው የሚመታው። ሲደክመው ያርፍና እንደገና ይጀምራል።»

ሁሉንም ጻፈው። ኪሎውን፣ እግሩን፣ እረፍቱን። እንደ ሐኪም።

«ስንት?» አልሁ።

«አሮጌውን ላሜራ መልሼ ስለምጠቀም ስድስት ተኩል።»

አልተከራከርሁም። ለጥርስዎ ልጨምር ብል ተቆጣ። «ጥርስ በሥራ ዋጋ አይገባም!»

ጥቅምት 12

ፋርማሲ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ሁለት ቀን ሙሉ በየደ። እህቴ የበያጁን ጥቁር መስታወት በደህና እጇ ይዛ ብልጭታውን ስትመለከት ዋለች። ዛሬ ጨረሰ።

«በእግርህ ምታው» አለኝ። «የምትችለውን ያህል።»

መታሁት። ግድግዳው ነዘረ፣ በሩ አልነቃነቀም። ጉልበቴን አመመኝ። ደግሜ መታሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ምታ ያለኝ ሰው አልነበረም... ስዞር እህቴ ታየኛለች። እግሬን።

ከዚያ ነው ያየሁት። የቁልፍ ቀዳዳ የለውም። ከውስጥ መቀርቀሪያ፣ ከውጭ ምንም።

«የውጭ ቁልፉን ረሱት» አልሁ።

በያጁ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ወደ እሷ አየ።

«አልረሱም» አለች።

«እኔ በምን እገባለሁ?»

«ታንኳኳለህ።»

በያጁ መሣሪያውን ተሸክሞ ወጣ። እኛ ቀረን።

«ጋሼ፣ እስኪ ውጣ። ልሞክረው።»

ወጣሁ። በሩ ተዘጋ፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ ገባ። ሳላንኳኳ ወደዚህ መጣሁ።