የአርባ ሁለቱ ካርታ

ዳልኒ ያር፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2024

ሶሎሚያዬ፣ የሆዴ ልጅ፣

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ቀኙ በጀሶ ታስሯል፤ እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ። ወሬውን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል። በስልክማ አልሆነልንም። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ሕፃኑ ከጀርባሽ ይጮኻል፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ወደ ፖርቶ የሚመጣው የአውቶቡስ ሹፌር ያደርስልኛል ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

አባትሽ ደህና ነው። ጆሮው ይጮህበታል፣ ብዙም አይናገርም፣ ግን ይበላል።

ጎረቤታችን ናዛር መሞቱን ሰምተሻል። እንዴት እንደሞተ ግን የነገረሽ ሰው ያለ አይመስለኝም። ካርታችን ከኩሬው ማዶ ያለውን የሱን ማሳ አረንጓዴ አድርጎ ያሳይ ነበር። አረንጓዴ ማለት ፈንጂ የለም፣ እረሱት ማለት ነው፤ ቀይ ማለት እግርህን እንዳታነሳ ማለት ነው። ናዛር ስልኩን ትራክተሩ መስታወት ላይ ለጥፎ፣ አረንጓዴው ውስጥ መሆኑን እያየ፣ በዚያ በሚያስጠላ ድምፁ እየዘፈነ ያርስ ነበር። አባትሽ ከኋላው የዘሩን ጆንያ ተሸክሞ ይከተላል።

ፍንዳታው የወጥ ቤታችንን መስኮት አረገፈው። የትራክተሩ የኋላ ጎማ ከነብረቱ ረጃጅሞቹን ዛፎች አልፎ የአሳማዎቹ ጋጣ ላይ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ አባትሽ በደረቱ እየተሳበ ወደ ናዛር ይሄዳል። «ዩኺም፣ ቁም! እዚያው ቁም፣ አንተ ውሻ!» ብዬ ጮህኩበት። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንደዚያ ሰድቤው አላውቅም። አልሰማኝም። በትራክተሩ ዱካ ላይ ተስቦ ናዛርን በኮሌታው ይዞ ጎተተው። ከወገቡ በታች የሚጎተት ነገር አልነበረም። ዓይኑ ግን ክፍት ነበር። ወደ እኔ አየና «አረንጓዴ ነበር እኮ፣ ኦሪሲያ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

አሁን የምነግርሽን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ያንን ማሽን፣ የካርታውን ኮምፒውተር፣ ስናቆም ታስታውሻለሽ። አንቺ ከፖርቶ ልጅሽን እያጠባሽ ድምፅሽን ትልኪልኛለሽ፣ እኔ የተባልኩትን እጽፋለሁ። ሶፍትዌሩ ሁሉ የማናውቃቸው ሰዎች ሠርተው ለዓለም በነፃ የለቀቁት ነው፤ አንዱ እያንዳንዱ ነገር መሬት ላይ የት እንዳለ ያስቀምጣል፣ ሌላው ካርታውን ስሎ ለሰው ስልክ ይልካል። ጥበቃው ፓናስ ጄኔሬተሩን ይዞ ይራገማል፣ ኢዝዩም መንገድ ላይ መድፍ ይወድቃል፣ አቧራው ከኮርኒሱ ሻዬ ውስጥ ይራገፋል። ካርታው ስልኬ ላይ ብቅ ሲል ፓናስን አቅፌ ሳምኩት። ጢሙ ሽንኩርት ይሸት ነበር። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፣ በአንቺም በእኔም።

የፈንጂ አጽጂዎቹ አለቃ የሰጠን ወረቀቶች በሶቭየት ዘመን የታተሙ የጦር ካርታዎች ናቸው። ፈንጂው በቀይ እስክሪብቶ ተሥሎባቸዋል። ጥጋቸው ላይ 1942 የሚል አለ። አለቃው አሁን ነው የነገረኝ፤ ያ መሬቱ የተለካበት የድሮ አለካክ ነው፣ ሳተላይቱ ከሚለካው ጋር አይገጥምም። ለማሽኑ ካልነገሩት ሁሉንም ነገር ከመቶ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይገፋዋል። እኛም አልነገርነውም። ስለዚህ የናዛር ማሳ ውስጥ ያለው ፈንጂ ካርታው ላይ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ውሃ ውስጥ ፈንጂ ማን ይቀብራል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ፈንጂውን ከቀበሩት ከእነዚያ ወራሪዎች ምን ይጠበቃል አልን እንጂ፤ የሕፃናት መጫወቻ ውስጥ የቀበሩ ናቸው።

እኛ አልኩ እንዴ? እኔ ማለቴ ነው።

አንቺማ በግልጽ ነግረሽኛል። «እማዬ፣ 1942 የሚል ካየሽ ቆሚና ንገሪኝ» ብለሻል። ረስተሽው ነው። ልጁ ጥርስ ያወጣ ነበር፣ እንቅልፍ የሚባል አልነበረሽም፣ ምኑን ታስታውሺዋለሽ? የታተመበት ዓመት ነው ብዬ የዘለልኩት እኔ ነኝ። ፓናስ ሌላ ነገር ሰማሁ ይላል። «ሶሎሚያ ናት እንጂ፤ የታተመበት ዓመት ነው እማዬ፣ እለፊው ብላ የሳቀችው» ይላል። ፓናስ ደግሞ መቼ ሰምቶ ያውቃል? «ይህን ቃል ሁለተኛ ከአፍህ ብሰማ ምላስህን ነው የምቆርጠው» አልኩት። «ኧረ ባክሽ! በገዛ ምላሴ?» አለኝ። መቀሱን አውጥቼ አሳየሁት። 

አባትሽም ያን ቀን ምድር ቤት ከእኛ ጋር ነበር። ነገሩ እንዴት እንደነበረ ስነግረው ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ «ልክ ነሽ፣ እንዳልሽው ነው የነበረው» አለኝ። እሱ ደግሞ እንደማይዋሽ ታውቂያለሽ።

ከቀብሩ በኋላ የናዛር ሚስት ቴክሊያ ዲጅኖ ይዛ ምድር ቤቱ ድረስ መጣች። ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ በዚያ ጭቃ።

«የትኛው ነው?» አለች።

«ቴክሊያዬ፣ እስኪ ተቀመጪ።»

«የትኛው ሣጥን ነው ባሌን የበላው? ንገሪኝ!»

መልሴን አልጠበቀችም። ስክሪኑን በአንድ ምት አደቀቀችው፣ ብርጭቆው ፊታችን ላይ ተረጨ። ፓናስ ወገቧን ሲይዛት እጁን ነክሳ ደም አወጣችው፣ እንደ ጥጃ አጓራ። እኔ ማሽኑ ፊት ቆምኩ። ለብረት አዝኜ አይደለም። እሱ ከተሰበረ የሌላው ሰው ማሳ የት ጋ እንደሚገድል የሚያሳይ አይኖርም።

«ሣጥን እንደሆነ የነገሩትን ነው የሚያወራው» አለችኝ። «ሰው ነው የነገረው። ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ፣ ኦሪሲያ።»

ፓናስ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት። «እኔ ነኝ» አልኩ።

በመጀመሪያው ምት ክንዴን ሰበረችው። አጥንቴ ሲሄድ ድምፁን ሰማሁት። ሁለተኛው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሦስተኛውን አናቴ ላይ ልታሳርፈው አንስታው ነበር፤ እጇ ከላይ ቀረና ዲጅኖው ወደቀ፣ እሷም እግሬ ሥር ተዘርራ ጮኸች። እኔም አብሬያት ጮህኩ። መርማሪው ክንድሽን ምን ነካው ሲለኝ ከደረጃ ወደቅሁ አልኩት። ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። እኔም ብሆን እመታ ነበር፣ ደግሞ እኔ ብሆን አልጥለውም ነበር።

ስለ ናዛር ግን ለመርማሪው ቃሌን ሰጥቻለሁ። አለካኩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልነገረኝም አልኩት። ፍርድ ቤት ልቀርብ እችላለሁ ይላሉ። ያቅርቡኝ! ፈንጂውን የቀበሩት ሰዎች መቼ ይቀርባሉ? እንደቀበሩት በጥርሳቸው ይንቀሉት፤ ከዚያ እኔን ይጠይቁኝ።

ካርታዎቹን በአንድ እጄ እንደገና አስገባኋቸው፣ በትክክለኛው አለካክ። ቀዩ ከኩሬው ወጥቶ ማሳው ላይ ሲያርፍ አየሁት። ቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ። አለቃው ሰዎቹን ይዞ ሄዶ አስፈተሸ፤ ፈንጂዎቹ ካርታው ባሳየው ቦታ ተደርድረው ተገኙ። ማሽኑ አሁን ልክ ነው።

አንቺ መምጣትሽን ተዪው። ለቴክሊያ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ ያልሽውንም ተዪው፤ ለምኑ? ምን አድርገሻት? እሷ የምትጠላው ሰው አግኝታለች፤ ያውም በቅርብ፣ አጥሩን ተሻግራ። እሱ ይበቃታል። አንቺ ብዪ፣ ተኚ፣ ልጅሽን አሳድጊ። እንቅልፍ አልወስድሽ ካለ ይህን ወረቀት ደጋግመሽ አንብቢው፤ የሆነው እዚህ የተጻፈው ነው። ሌላ የምታስታውሺው ነገር ቢኖር ድካም ያመጣው ነው።

እመ አምላክ ከክፉ ሁሉ ትጋርድሽ። ልጅሽ በሰላም መሬት ላይ ይሩጥ፣ የረገጠው ሁሉ ሣር ይሁን። አባትሽ ግንባርሽን ስሟል። እኔም ሁለት ዓይኖችሽን።

የምትወድሽ እናትሽ
ኦሪሲያ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ አለኝ፦ ያን ቀን የላክሽልኝ የድምፅ መልእክቶች ስልክሽ ላይ ካሉ አጥፊያቸው። ምንም የለባቸውም። የኔን አጥፍቻለሁ፤ ሳትሰሚያቸው አጥፊያቸው።