ስቱኮ ያልነካት መኪና፦ የጋሽ ቡሊኖ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ቡሊኖ በ1943 ዓ.ም. ከባቡር መጋዘኑ ጀርባ፣ አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ባለው ቤት ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ታክሲ ነጂ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ተወለዱ። እናታቸው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ “ወንድምህን እይልኝ!” ይሏቸው ነበር። አዩላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩላቸው ኖሩ። ወንድማቸው ደግሞ አንድ ቀን፣ በዓይናቸው ያዩትን “አላየሁም” አሉ። ይህ የሕይወት ታሪክ እዚያ ቀን ላይ መድረሱ ስለማይቀር፣ ለሽኝታቸው የተቀመጣችሁ ሁሉ ከወዲሁ ብታውቁት ይሻላል።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከቀለም ትምህርት ይልቅ ብረት ይገባቸው ስለነበር፣ በ1962 ዓ.ም. በከተማው ትልቅ በሚባለው ጋራዥ የባትላሜራ ክፍል ተቀጠሩ። ባትላሜራ ማለት የተጋጨ ወይም የዛገ የመኪና አካል እየቀጠቀጡና እየበየዱ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ነው። ሥራው አቋራጭ አለው። ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀለም መቀባት ነው። ስቱኮ ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ብረት አይሆንም፤ መኪና አይሸከምም። ጋሽ ቡሊኖ ከጥፍር ውፍረት ያለፈ ስቱኮ ሲቀባ ካዩ መዶሻ ይወረውሩ ነበር። ሰው ላይ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ ነው። የጋራዡ ግድግዳ እስከ ዛሬ ጠባሳው አልጠፋም።

ሠርተው በጨረሱት ላሜራ ሁሉ ላይ፣ ማንም በማያየው የውስጥ ጠርዝ፣ ብረት ላይ ምልክት በሚመቱበት ሹል ቡሊኖ ሦስት ነጥብ ያሳርፉ ነበር። ስማቸውንም ያገኙት ከዚሁ ነው። “ፊርማ መሆኑ ነው ጋሼ?” ብለው ሲቀልዱባቸው፣ “ፊርማማ ይካዳል። ይሄ ብክድ የሚያጋልጠኝ ነው” ይሉ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. በአውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ይቆርጡ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የትኬት መስኮቱ መዝጊያ ተጣሞ ሊያቃኑ ነበር የሄዱት። መስኮቱ ከተቃና በኋላም ሦስት ጊዜ ተመልሰው መጡ። ባለቤታቸው በመጨረሻው “ወንድሜ፣ መስኮቱ ደህና ነው፤ እርስዎን ነው የሚያመው” አሏቸው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1975 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸውን ወደ ጋራዡ አስገቡ። የመጀመሪያውን የሥራ ቱታ ገዙላቸው፤ ቀለም ክፍል አስቀጠሯቸው፤ ሲሳሳቱ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እየወሰዱ እጃቸው እስኪፈታ ድረስ ጠበቋቸው። ሃያ አንድ ዓመት ከአንድ የምሳ ዕቃ በሉ።

በ1996 ዓ.ም. አንዲት መምህርት መኪናቸውን ለጥገና አመጡ። ከበሮቹ ሥር ወለሉን ደግፎ የሚይዘው ብረት በዝገት ተበልቶ ነበር። ጋሽ ቡሊኖ ከመኪናዋ ሥር ገብተው አዩና “ይሄ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካል፤ አራት ቀን ይፈጃል” አሉ። ባለጋራዡ በማግስቱ ጠዋት እንድትወጣ ፈለጉ። ጋሽ ቡሊኖ እምቢ አሉና ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ። በኋላ ዘመናቸውን ሁሉ ራሳቸውን የረገሙት በዚህ መዞራቸው ነው። “እምቢ ማለቴ የሚበቃ መሰለኝ። መምህርቷን ጠርቼ በጣቴ ማሳየት ነበረብኝ” ይሉ ነበር።

ባለጋራዡ ወደ ቀለም ክፍል ሄዱ። ታናሽ ወንድም ስቱኮውን አቦኩ፣ ሞሉ፣ ፈቁ፣ ቀቡ። መኪናዋ በማግስቱ አምራና ተኳኩላ ወጣች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀስ ብሎ የሚሄድ የጭነት መኪና ከጎን ሲነካት እንደ ካርቶን ታጠፈች። መምህርቷ ግራ እግራቸውን አጡ።

መርማሪው ሲመጣ ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አርባ ሰው ነበር። ባለጋራዡ “የብረት ሥራ ኃላፊው እሱ ነው” ብለው ጋሽ ቡሊኖን አመለከቱ። ጋሽ ቡሊኖ “ገልብጣችሁ ሥሯን እዩ! ሦስት ነጥብ ካገኛችሁ እሰሩኝ!” ብለው ጮኹ። ባለጋራዡ ግን መኪናዋን ቀድመው ለብረት ማቅለጫ ልከዋት ነበር። ጋሽ ቡሊኖ ያኔ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። “በእናታችን! ማን እንደሞላው ንገራቸው።”

ወንድማቸው ጫማቸውን እያዩ “እኔ አላየሁም” አሉ።

አላየሁም። አምስት ፊደል ናት። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ ሰው በአምስት ፊደል ከሥራ ተባረረ። ሌላ ጋራዥም አልተቀበላቸውም። የሠፈሩ ሰው ጋሽ ቡሊኖ የሚለውን ስም ትቶ “ጋሽ ስቱኮ” ይላቸው ጀመር። በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ፣ ከአጠገባቸው የተቀመጡ ሴት ወንበራቸውን አንሥተው ሄዱ። እነዚያ ሴት ዛሬ ጥቁር ለብሰው መጥተዋል። “ጋሽ ስቱኮ” ሲሉ የነበሩትም መጥተዋል፤ ሲያለቅሱም ታይተዋል። እንባው ዘግይቷል።

ከ1997 እስከ 2008 ዓ.ም. ጋሽ ቡሊኖ የሰው በርና የሰው ድስት እየጠገኑ ቤተሰባቸውን አስተዳደሩ። በተረፋቸው ሰዓት ደግሞ ከአባታቸው የቀረችውን አሮጌ ታክሲ ማደስ ያዙ። መኪናዋ ከግቢው ግንብ ሥር ለዓመታት ቆማ፣ ወለሏ ወንፊት ሆኖ፣ በኮፈኗ ውስጥ ድመት ትወልድ ነበር። ሞተሯን የሠፈሩ መካኒክ በውለታ አስነሣላቸው። አካሏን ግን ማንንም አላስነኩም። ላሜራ መግዣ ስላልነበራቸው አንድ መሥሪያ ቤት የጣላቸውን የፋይል ቁምሳጥኖች ለምነው አመጡ። የግራው የፊት በር ከዚያ የተሠራ ስለሆነ፣ ውስጡ ላይ “ገቢ ደብዳቤ” የሚለው ጽሕፈት አሁንም ይነበባል። ባለቤታቸው አይተው “ገቢ የሚባል ነገር እዚህ ቤት ሲገባ ገና ማየቴ ነው” አሉ። ጋሽ ቡሊኖ በዚያ ዓመት ሲስቁ የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

መቀጥቀጫቸው ከተጣለ የባቡር ሐዲድ የተቆረጠ ብረት ነበር። የእንጨት መዶሻቸው የጠረጴዛ እግር ነበር። ጎማውን የሚጋርደውን የፓራፋንጎ ክብ ለማውጣት አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ በአሸዋ ሞልተው፣ በላዩ ላይ ላሜራውን ቀስ እያሉ ይመቱ ነበር። መበየጃውን በውሰት ያገኙት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ስስ ላሜራ እሳት ከበዛበት ስለሚጣመም አንዲት ነጥብ ይበይዱና፣ ባለቤታቸው በእርጥብ ጨርቅ ያቀዘቅዙታል፤ ከዚያ ሌላ ነጥብ። እንዲህ እየተባለ አንድ በር አምስት ወር ፈጀ። እብጠትና ስርጉድ የሚፈትሹት በዓይን አልነበረም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸው ሥር ስስ ጨርቅ አድርገው ብረቱን ይዳብሱ ነበር። ሊጨርሱ የተቃረቡትን የኋላ በር፣ አንዲት የጥፍር ስርጉድ አግኝተውበት ደግመው ከመጀመሪያው ቀጥቅጠውታል። ባለቤታቸው “ሰውዬ፣ ትንሽ ስቱኮ ብትነካው ማን ያይሃል?” አሏቸው። ጋሽ ቡሊኖ ሁለት ቀን አላናገሯቸውም።

በ2008 ዓ.ም. አለቀች። የአባታቸው ታክሲ የነበራትን ሰማያዊ ቀለምም አስበጥብጠው አመጡ። ነገር ግን አልቀቡም። ቆርቆሮውን እንደታሸገ አልጋ ሥር ከተቱት። “የምቀባት እውነቱ የተነገረ ዕለት ነው። እስከዚያ ሰው ሁሉ ብረቷን ይያት” አሉ። ሰው “ቀለም አጣ፣ አበደም” አለ። እሳቸው በየሳምንቱ እንዳትዝግ ስስ ዘይት እየቀቧት፣ ራቁቷን በሠፈሩ መሐል ነዷት።

በ2009 ዓ.ም. መምህርቷ በክራንቻቸው ተደግፈው ወደ ግቢው መጡ። የመኪናዋን በር በጣታቸው አንኳኩ። ስቱኮ ያለበት ብረት ዷ ይላል፤ ይህ ግን እንደ ደወል ጮኸ። “ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?” አሏቸው። ጋሽ ቡሊኖ “ለመርማሪው ጮኼ ነበር እመቤቴ። ለእርስዎ ግን ቀድሜ መናገር ሲገባኝ አልተናገርኩም። እሱ የእኔ ነው” ብለው አለቀሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህርቷን በየሳምንቱ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሷቸው በዚህችው መኪና ነው።

ዘመናቸውን ሙሉ የተነፈሱት የብረት ብናኝና ጭስ ሳንባቸውን ጎድቶት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ታመሙ። አልጋ ከያዙ በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ብቻቸውን መጥተው፣ በሩን ዘግተው “ወንድሜ፣ እንጀራዬን ፈርቼ ነው፤ ይቅር በለኝ” አሏቸው። ጋሽ ቡሊኖም “የካድከኝ አርባ ሰው ፊት ነው። አርባ ሰው ሰብስበህ ተናገርና ና፤ ያን ጊዜ ይቅር እልሃለሁ” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወንድማቸው ወጡ። አምስት ሳምንት ሙሉ በሩ ሲንኳኳ ጋሽ ቡሊኖ ቀና ይሉ ነበር። የሚገባው ሌላ ሰው ነበር።

ማክሰኞ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በቤተሰቡ መካከል ተነቧል። ታናሽ ወንድማቸው ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ ሰምተዋል። እንዲቀር የሚፈልጉት ነገር ካለ ሲጠየቁ፣ “ምንም አይቅር። እዚህ ላይ ሲደረስ ተነሥቼ በራሴ አፍ እናገራለሁ” ብለዋል። ዛሬ እዚህ ከአርባ ሰው በላይ አለ። አንባቢው እዚህ ላይ ጥቂት ዝም እንዲሉ ቤተሰቡ ይጠይቃል። ወንድማቸው ከተነሡ ሁላችንም እናያለን። ካልተነሡም እናያለን። አላየሁም የሚል አይኖርም።

ጋሽ ቡሊኖ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን በሕይወት ትተው አልፈዋል። አልጋ ሥር ያለው ቀለም መቼ እንደሚከፈት፣ ብሩሹንም ማን እንደሚይዝ የሚወስኑት ባለቤታቸው ናቸው።

የተሰወረውን የሚያይ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሸክም በሌለበት ያሳርፍልን፤ የደከመ እጃቸውን ይቀበልልን።

መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች። ስትወጡ በጣታችሁ አንኳኩና ስሟት። ከዚያ ደግሞ ከግራው የፊት በር ውስጠኛ ጠርዝ ሥር እጃችሁን ስደዱ። ሦስቱም ነጥቦች አሉ።