የስፌት መኪናዬ ዲናሞ እና የክራርህ ጉምጉምታ

ለይኸነው፣ ለልጄ አባት፤

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። መቃብርህ ላይ ሣር በቅሏል፤ ቤቱ ደህና ነው፤ ልጃችን ጥሩወርቅም ትምህርቷን ጨርሳ ከደብረ ታቦር ተመልሳለች። የምጽፍልህ ግን ናፍቀኸኝ አይደለም። ተናድጄብህ ነው። በለቅሶህ ሰው ሁሉ ሲያሞግስህ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ዝም ያልኩትን ዛሬ ልንገርህ።

ክራርህን ኤሌክትሪክ ያደረግክበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ጅማቱን አውጥተህ የብረት ክር ወጠርክበት። ከክሩ ስር ደግሞ ፒካፕ የምትላትን፣ ማግኔት ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባትን ነገር አስገባህ። ድምፁ እውነትም ያምር ነበር። ግን ክሩን ሳትነካው እንኳ ከስፒከሩ እምምም የሚል ጉምጉምታ አይጠፋም። አርብ ገበያ ከተማ፣ ሰርግ ላይ፣ አንዱ እድምተኛ "ይሄ ክራር ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?" ብሎ አሳቀብህ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለው ቤታችን ስትደርስ እኔ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ሰላም እንኳ ሳትለኝ "አጥፊው ይሄን መኪና! የሚያስጮኸው የሱ ዲናሞ ነው" አልከኝ።

"አርብ ገበያም ዲናሞዬ ተከትሎህ ሄደ?" አልኩህ።

ከዚያ ወዲያ አንተ ስትጫወት መስፋት ተከለከልኩ። አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትጫወታለህ። ይህም አልበቃህም። አንድ የማርያም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዲናሞዬ ተፈትቶ፣ የውስጥ ሽቦው ተተርትሮ፣ አዲስ ፒካፕ ሆኖ ጠበቀኝ። "በእግርሽ እየረገጥሽ ስፊ፤ ድሮስ ሰው በምን ይሰፋ ነበር?" አልከኝ። ጥሩወርቅን ከወለድኩ ወዲህ ቀኝ እግሬ እንደሚያብጥ ታውቃለህ። ረገጥኩ። እግሬን በሙቅ ውኃ ስዘፈዝፍ አንተ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ክርህን ትቃኛለህ። ደንበኞቼ ቀሚሳቸው ሲዘገይባቸው ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። ክራርህም ጉምጉምታውን አልተወም፤ ጭራሽ ባሰበት።

ስትታመም አስታመምኩህ፤ እሱን አላነሳብህም። ከቀብርህ በኋላ ወንድምህ "ክራሩን ለመታሰቢያ ስጪኝ" ቢለኝ እምቢ አልኩት። እሳት ውስጥ ልጥለው ነበር፤ ጥሩወርቅ ለምና አስተወችኝ።

የተማረችው የኤሌክትሪክ ሙያ ነው። ዘንድሮ ክራሩን ከፈተችው። ከፒካፕህ ጎን ሌላ ጠመጠመችለት፤ የሽቦው ዙር እኩል ነው፣ ማግኔቱና የአጠማጠሙ አቅጣጫ ግን የተገላቢጦሽ። "እማ፣ ጉምጉምታውን ሁለቱም ይሰሙታል" አለችኝ፤ "አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ይጠፋፋል። የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል።" ስፒከሩን ከፈተችው። ጸጥ። ለእኔም አዲስ ዲናሞ ገጥማልኝ ነበርና አጠገቧ መኪናዬን አስነሳሁት። አሁንም ጸጥ። አለቀስኩ። እሷ የደስታ መስሏት አቀፈችኝ።

ቀጥላ የነገረችኝን ባልነገረችኝ ይሻል ነበር። ሽቦውን የገዛችው አንተ ዘወትር ክራርህን ከምትወስድለት ደብረ ታቦር ካለው ጠጋኝ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ሲያውቅ ሳቀ አሉ። "ይህንኑ ዘዴ ለአባትሽም ነግሬው ነበር። 'ሁለት ከሆነ ድምፁን ያወፍርብኛል፤ ከዚያ ይልቅ ሚስቴ መስፋቷን ብትተው ይሻላል' ብሎኝ ሄደ" አላት።

ይኸነው፣ ታውቅ ነበር! ባለማወቅህ ነው ብዬ ስንት ዓመት አዝኜልሃለሁ!

እውነቱን ልናገር፤ ድምፁ በርግጥ ወፍሯል። ያ የጠራ፣ ጆሮ የሚወጋ ነገሩ ቀንሷል። ልክ ነበርክ። ልክ መሆንህ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ። የክራርህን ድምፅና እኔን ጎን ለጎን አስቀምጠህ አመዛዘንክ፤ እኔ ቀለልኩብህ።

ጥሩወርቅ ባለፈው ወር ወገዳ ከተማ፣ ሰርግ ላይ ተጫወተችበት። ሰው እስኪያልበው ጨፈረ፤ ጥራቱ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ስትመለስ "ለመታሰቢያው ቀን የአባባ ፒካፕ ለብቻው እንዲሰማ ማብሪያ ማጥፊያ ልግጠምበት?" አለችኝ። "አትገጥሚም" አልኳት። ከፋት። ይክፋት። ለምን እንዳልኩም ነግሬያታለሁ፤ አባቷን ሙሉውን ትወቀው።

አልረሳህም፤ በዚህ አትጠራጠር። ቄሱ በጸሎት ስምህን ሲያነሱ አብሬ አነሳዋለሁ፤ ሻማህንም አበራለሁ። ሰዎች ደግ ነበር ሲሉ ግን ከእንግዲህ አንገቴን አልነቀንቅላቸውም። ይቅር ልበልህ ብዬ ሞክሬ አልሆነልኝም። የሆነልኝ ዕለት መቃብርህ ድረስ መጥቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያው ጠብቀኝ፤ እኔም አንተን ስጠብቅ ነው የኖርኩት።