ለዳማ የማይሰጥ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጠዋት
ካሮት እየከተፍኩ ነው። በቁመቱ፣ ቀጠን አድርጌ። ክብ ክብ ከሆነ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። የፖሙን ፍሬም አወጣሁ። ለፈረስ ነው፣ ማስታወሻዬ። እኔ ቁርስ አልበላሁም።
አባባ ጓሮ ሆኖ ፈረሱን ዳማን ያሻሸዋል። ለቡ አስፋልት ሳይገባ ባለጋሪ ነበር። ጋሪው ተሸጠ፣ ፈረሱን ግን አልሸጥም አለ። አሁን የእኔን ስም ይረሳል። የዳማን አይረሳም።
መ/ቤት ረፈደብኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ከሰዓት በኋላ
ስገባ ዳማ መሬት ላይ ይንከባለላል። ላብ በላብ ሆኗል። ዞሮ ዞሮ ሆዱን ያያል። የድንቹ ዘንቢል ባዶ፣ የአቮካዶ ልጣጭ መሬት ላይ። አባባ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ርቦት ነው ይለኛል። ማብላቱን ረስቶታል። ጮህኩበት። ደነገጠ።
የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ፣ ከመካኒሳ አቦ መጣች። መርፌ ወጋችው፣ በአፍንጫው ቱቦ አስገባች። ድንች፣ ሽንኩርት፣ አቮካዶ በፍጹም አይቅመስ አለች። ካሮት፣ ሙዝ፣ ሃብሃብ ይሆናል፣ እሱም ጥቂት ጥቂት። ዋናው ድርቆሽ ነው። አውቃለሁ። የእኔ ማወቅ ምን ያደርጋል፤ አባባ ነው የማያስታውሰው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ዳማ ቆሟል። ፋንድያም ጣለ። በፋንድያ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።
ወንድሜ ሰለሞን ከብስራተ ገብርኤል መጣ። እሁድ አይሱዙ ይዞ ሊመጣ፣ ፈረሱን ሰበታ አጎታችን ዘንድ ሊያደርሰው ነው። አንቺም አለቅሽ እኮ አለኝ። እውነቱን ነው። እሺ አልኩ። ቀለል አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።
ለአባባ ነገርነው። ሰምቶን ሲያበቃ ለዳማ ምን ልስጠው ብሎ ጠየቀ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ሐኪሟ ትንሽ ካሮት ፈቀደች። ወጥ ቤቱን ቆለፍኩና የከተፍኩትን የአባባ ኮት ኪስ ውስጥ ከተትኩለት። ዘዴው ሠራ። እጁ ኪሱ ውስጥ ካሮት ሲያገኝ ወጥ ቤት ትዝ አላለውም። አንድ አንድ እያወጣ ሰጠው። ዳማ ከመዳፉ ላይ በከንፈሩ ቀስ ብሎ ያነሳል።
አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሰሞኑን አባባ የሚያናግረኝ በአንቱታ ነው፣ እንደ እንግዳ። ድንገት አንዷን ካሮት ወደ እኔ ዘረጋት።
«አንቺም ብዪ እንጂ። ከስተሻል እኮ።»
ተቀብዬ በላሁ። እንባዬ መጣ። ድካም ነው መሰለኝ።
ለሰለሞን ደወልኩ። አይሱዙው ይቅር አልኩት። ብቻሽን ትችዪዋለሽ ወይ አለኝ። እንጃ አልኩት፣ ግን ዳማ አይሄድም። ደግሞ አንተም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ትከትፋለህ አልኩት።  ስልኩን ሳልዘጋ ጨመርኩለት፦ በቁመቱ ነው፣ ክብ ክብ እንዳታደርገው።